በረዶው ሳያልቅ ልጆቻችን ይዩት



ይህን የምጽፍላችሁ ከናይሮቢ ነው። ባለፈው ጊዜ ካኩማ መጥቼ በወላጆች ስብሰባ ላይ በእንግድነት ተቀምጬ ነበር። በዕለቱ ከተነሡት ጉዳዮች አንዱ የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎችን ወደ ኬንያ ተራራ ብሔራዊ ፓርክ ለጉብኝት የመውሰድ ሐሳብ ነበር። ሐሳቡ ተነቦ ሳያበቃ አንድ አባት ተነሡና «ተራራ ለማየት ከሆነ እኛም የመጣነው ከተራራ አገር ነው» አሉ። ቤቱ ሳቀ። ቀጥለው አንዲት እናት «ልጄ ደብተር ሳይኖራት ተራራ ምን ያደርግላታል?» ብለው ጠየቁ። በዚህኛው ማንም አልሳቀም። ነገሩ ለሌላ ጊዜ ይቆይ ተባለና ወደ ውኃው ጉዳይ ታለፈ።

እኔ እንግዳ ስለ ነበርኩ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ግን እስከ ናይሮቢ ድረስ ሲቆጨኝ መጣ። ስለዚህ በዚያን ዕለት ያልተናገርኩትን ዛሬ በጽሑፍ ልናገር። የእኔ አስተያየት አንድ ነው፤ ይኸውም ይህ ጉብኝት ለሌላ ጊዜ የሚቆይ አይደለም የሚል ነው። ልጆቹ የሚያዩት ነገር ራሱ እየጠፋ ነውና።

በመጀመሪያ ለአባታችን ልመልስ። አባባ፣ እውነት ብለዋል፤ ከተራራ አገር ነው የመጣነው። እንዲያውም የኬንያ ተራራ ለእኛ እንግዳ እንዳልሆነ እዚያ ሄጄ ነው ያወቅሁት። ከናሮ ሞሩ ከተማ ተነሥቶ ሽቅብ የሚወስደውን መንገድ ይዤ ስወጣ፣ በየምዕራፉ የሚያጋጥመኝ ዛፍ ሁሉ የአገሬ ስም ነበረው። ከታች ጥድ፣ ወይራና ዝግባ፤ ቀጥሎ ቀርከሃ፤ ከቀርከሃው በላይ ደግሞ አያቶቻችን ለትል መድኃኒት ይጠጡት የነበረው ኮሶ። የዓለም ሊቃውንት ኮሶን በሳይንስ ስሙ «ሀጌኒያ አቢሲኒካ» ይሉታል፤ የአቢሲኒያ ማለት ነው። ከዚያም በላይ አስታ፤ ከአስታው በላይ የጅባራ ዘመድ። በሰሜን ተራራ እግር ሥር ያደገ ሰው ይህን መንገድ ቢወጣ መጻሕፍት ሳያገላብጥ ግማሹን ተክል በስሙ ይጠራዋል። ታዲያ ልጆቻችን ይህን ከማን ይማሩ? ብዙዎቹ የተወለዱት እዚሁ ካምፕ ውስጥ ነው። ከተራራ አገር የመጣነው እኛ ነን እንጂ እነርሱ አይደሉም። እነርሱ የሚያውቁት የቱርካናን አሸዋና ፀሐይ ነው።

ተራራው ከእኛ ጋር የሚዛመደው በዛፍ ብቻ አይደለም። የኬንያ ተራራ የተሠራው ከ3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈነዳ እሳተ ገሞራ ነው። የአፋርን ምድር የሰነጠቀው፣ በሐዋሳና በአባያ ሐይቆች በኩል ወርዶ ወደ ቱርካና የሚዘልቀው ታላቁ ስምጥ ሸለቆ ኬንያንም ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። እንዲህ ያለውን እሳት ወደ ላይ ያወጣው ይኸው የምድር መሰንጠቅ ነው። እናንተ ተማሪዎች በየቀኑ ስሙን የምትሰሙት የቱርካና ሐይቅ አብዛኛውን ውኃውን የሚያገኘው ከኢትዮጵያ ከሚወርደው ከኦሞ ወንዝ እንደሆነ ታውቃላችሁ? እንግዲህ ድንበሩ የሰው ነው፤ ምድሩ ግን አንድ ነው።

እሳቱ ከጠፋ በኋላ ተራራው በዝናብ፣ በነፋስና በበረዶ ሲሸረሸር ኖረ። ዛሬ ቀጥ ብለው የቆሙት የድንጋይ ጫፎች የተራራው ቆዳ አይደሉም፤ በእሳተ ገሞራው ጉሮሮ ውስጥ እንዳለ ረግቶ የጠጠረ ድንጋይ ናቸው። ዙሪያው ሲፈርስ ጉሮሮው ቀረ። ከፍተኛው ጫፍ ባቲያን 5,199 ሜትር፣ ቀጣዩ ኔሊዮን 5,188 ሜትር፣ ሦስተኛው ሌናና 4,985 ሜትር ነው። ሦስቱም የተሰየሙት በማሳይ መንፈሳዊ መሪዎች ስም ነው። በአፍሪካ ከኪሊማንጃሮ ቀጥሎ ይህን የሚያህል ተራራ የለም። የእኛ ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር ጥቂት ያልፋል።

አባባ፣ ልዩነቱም እዚህ ላይ ነው። እኛ ተራራ አይተናል እንጂ የበረዶ ግግር አላየንም። በሰሜንም ሆነ በባሌ ውርጭና አመዳይ ይጥላል፤ ፀሐይ ሲወጣ ግን ይጠፋል። የበረዶ ግግር የሚባለው ሌላ ነው። ዓመት በዓመት የሚጥለው በረዶ ሳይቀልጥ እየተደራረበ፣ የታችኛው በላይኛው ክብደት እየተጨመቀ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ከዚያም በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ቁልቁል ይንሸራተታል። ሲንሸራተትም ሸለቆ ይቦረቡራል፣ ድንጋይ ይፈጫል፣ አፈርና ኮረት ገፍቶ ይከምራል። በመላው አፍሪካ ይህ ዓይነቱ በረዶ የቀረው በሦስት ቦታ ብቻ ነው፤ በኪሊማንጃሮ፣ በርዌንዞሪ እና በኬንያ ተራራ።

ተማሪዎች ሆይ፣ «ፀሐይ አናት በሚበሳበት በምድር ወገብ ላይ እንዴት በረዶ ይኖራል?» ብላችሁ ብትጠይቁ ጥያቄያችሁ የቆየ ነው። መልሱ ሒሳብ ነው። ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ናይሮቢ ያለችው በ1,700 ሜትር ግድም ነው። ባቲያን ከእርሷ 3,500 ሜትር ይበልጣል። ናይሮቢ 20 ዲግሪ በሆነበት ሰዓት ጫፉ ላይ ስንት እንደሚሆን ደብተራችሁ ላይ አስሉት።

ይህን ሒሳብ ያላሰሉ ትልልቅ ሰዎች አንድ ምስክር ውሸታም አሉ። ሰውዬው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የተባለ ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ነው። ክራፕፍ ከእኛ አገር ጋር የተዋወቀው አስቀድሞ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከ1839 እስከ 1842 በሸዋ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ተቀምጦ አማርኛ ተምሯል። ከሸዋ ከወጣ በኋላ ተመልሶ እንዳይገባ ተከለከለና በ1844 ወደ ሞምባሳ መጣ። የሚወደውን አገር በር ተዘግቶበት ኬንያ የደረሰ ሰው ነበር ማለት ነው፤ ይህ ታሪክ ለእኛ ለማን ይነገራል? በታኅሣሥ 3 ቀን 1849 ከኪቱዪ አገር ሆኖ ከሩቅ በበረዶ የተሸፈነውን ጫፍ አየ። ወሬው አውሮፓ ሲደርስ ግን በቤታቸው ተቀምጠው ካርታ የሚያዩ ሊቃውንት «በምድር ወገብ በረዶ አይኖርም» ብለው አፌዙበት። አካባቢው ያሉት ኪኩዩዎች፣ ኤምቡዎች፣ ሜሩዎችና ካምባዎች ግን ከአባቶቻቸው ጀምሮ በየማለዳው ያዩት ነበር። ኪኩዩዎች ኪሪኛጋ ይሉታል፤ በእምነታቸውም የፈጣሪ ማረፊያ ነው። አገሪቱ ራሷ ስሟን ያገኘችው ከዚህ ተራራ ነው። በታኅሣሥ 1963 ነፃነቷን ስታገኝም ኪሶይ ሙንያዎ የተባለው ተራራ ወጪ የአዲሲቱን ኬንያ ሰንደቅ ዓላማ ወስዶ እዚያው ተራራ ላይ አውለብልቧል።

አለማመን ደግሞ ዛሬም አልቀረም። በ2020 የናይሮቢ ፎቆች ከፊት፣ የኬንያ ተራራ ከኋላ ሆኖ የሚታይበት ፎቶግራፍ ሲወጣ ብዙ ሰው «ተቀነባብሮ ነው» ብሎ ተከራከረ። እኔ ግን ሰማዩ ጥርት ባለበት ማለዳ ናይሮቢ ከፍ ካለ ፎቅ ላይ ሆኜ አይቼዋለሁ። 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ እንደ ጥርስ ብቅ ይላል። ሰው ቀና ብሎ ስላላየ የለም ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ይህ በረዶ እያለቀ ነው።

ከመቶ ዓመት በላይ በፊት በተራራው ላይ 18 የበረዶ ግግሮች ተቆጥረው ነበር። ከፊሎቹ ፈጽሞ ጠፍተዋል፤ የቀሩትም ቁርጥራጮች ናቸው። ከሁሉ ትልቁ የነበረው ሉዊስ የተባለው ግግር ከ1934 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ብቻ ከ100 እጅ 90 ያህሉን አጥቷል። በ2014 ገደማ ደግሞ መካከሉ ተበልቶ ለሁለት ተከፈለ። የዓለም ሜትዎሮሎጂ ድርጅት በ2021 ባወጣው ሪፖርት የኬንያ ተራራ በረዶ በ2030ዎቹ፣ የኪሊማንጃሮና የርዌንዞሪ በ2040ዎቹ ሊያልቅ እንደሚችል አስታውቋል። እንግዲህ ዛሬ 6ኛ ክፍል ያለ ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ሳይዝ ሊያልቅ ይችላል ማለት ነው።

እኔ ከመሪያችን ጋር እስከ ሉዊስ አጠገብ ወጥቼ ነበር። ራሴን እያመመኝ፣ በየአሥር እርምጃው እየቆምኩ ነው የወጣሁት። ያየሁትን ሳልቀባባ ልንገራችሁ፤ የጠበቅሁት ነጭና የሚያብረቀርቅ ነገር ነበር፤ ያገኘሁት ግን አቧራ የለበሰ ግራጫ በረዶ ነው። ከሥሩ ውኃ ይንጠባጠባል። መሪያችን በአካባቢው የተወለደ ጎልማሳ ሰው ነው። በያዘው በትር ራቅ ወዳለ ባዶ ድንጋይ እያመለከተ «እዚህ ሥራ ስጀምር በረዶው እዚያ ድረስ ነበር» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ አልጨመረም። ሁለታችንም ዝም ብለን የሚንጠባጠበውን ሰማን።

ምክንያቱስ ምንድን ነው? ድሮ የአየሩ መድረቅና የሚጥለው በረዶ ማነስ ጎድቶታል። አሁን ደግሞ የምድር መሞቅ ተጨምሮበታል፤ እርሱም የሚመጣው በተለይ ባለ ብዙ ፋብሪካ አገሮች ከሚያቃጥሉት የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ጭስ ነው። በካምፕ ምድጃ ላይ ሽሮ የምታበስል እናት ይህን በረዶ አላቀለጠችም። ሆኖም ድርቁም ጎርፉም ሲመጣ ከማንም በፊት የሚያንኳኳው የእርሷን በር ነው። ልጆቻችን ይህን ማወቅ አለባቸው፤ ነገ ስለዚህ ጉዳይ በሚነጋገሩበት ሸንጎ ላይ መቀመጥ ይገባቸዋልና።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ላርም። አንዳንድ ሰው «በረዶው ሲያልቅ የታና ወንዝ ይደርቃል» ይላል። (ይህ የኬንያ ረጅሙ ወንዝ ነው እንጂ የእኛ ጣና ሐይቅ አይደለም።) ታና በአብዛኛው የሚሞላው በተራራው ላይ ከሚጥለው ዝናብና ዝናቡን ይዞ ከሚያቆየው ደን ነው፤ የበረዶው ድርሻ ጥቂት ነው። ስለዚህ ለውኃው የሚያሰጋው ከበረዶው ይልቅ የደኑ መጨፍጨፍ ነው። ፓርኩ በ1949 መቋቋሙ፣ በ1997ም በዓለም ቅርስነት መመዝገቡ ጥቅሙ ለቱሪስት ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

በአገራችንም ተራሮች ላይ የበረዶ ግግር የነበረበት ዘመን አለ። በሰሜንና በባሌ ተራሮች ያለፉበት ዱካ በድንጋዩ ላይ ይታያል። ነገር ግን ያለቀው ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ስለሆነ መጥፋቱን አይቶ የጻፈልን የለም። ኋላ የመጡት ያዩት የክረምቱን በረዶ ነው። በአዱሊስ ወደብ በድንጋይ ተቀርጾ የነበረና በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለ ነጋዴ የገለበጠው ጽሑፍ፣ የንጉሡ ጦር ሰሜን ተራራ ሲዘምት እስከ ጉልበት በበረዶ መስጠሙን ይናገራል። አንድ ሰው አይቶ ስላስጻፈው ይኸው እኛ እናውቀዋለን። የኬንያን ተራራ በረዶ መጨረሻ ማየት የደረሰው ለልጆቻችን ትውልድ ነው። ከመካከላቸው አንዱ በአማርኛ «እኔ አይቼዋለሁ» ብሎ ቢጽፍ አይከፋም።

አሁን ለእናታችን ልመልስ። ይህ ይከብዳል። እትዬ፣ ምርጫው ደብተር ወይም ተራራ ከሆነ ደብተሩ ይቅደም፤ በዚህ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ለደብተር ከተያዘው ገንዘብ አንድ ሺልንግም አይነካ። ነገር ግን ልጅ በደብተር ብቻ አይማርም። ደብተሩ ላይ የሚጽፈውም ነገር ያስፈልገዋል።

ስለ ካምፕ ኑሮ አንድ ታሪክ ላውጋችሁ። በ1941 ጣልያን ከኢትዮጵያ ሲባረር የተማረኩት ብዙዎቹ ወደ ኬንያ ተወስደው ነበር። ከእነርሱ አንዱ ፌሊቼ ቤኑዚ አገራችንን በግፍ ይዞ በነበረው አስተዳደር ውስጥ ሲሠራ የነበረ ሰው ነው። አመጣጡን አላመሰግንለትም። ነገር ግን በናንዩኪ የእስረኞች ካምፕ ሽቦ ውስጥ ሆኖ አንድ ማለዳ ደመናው ሲገለጥ ተራራውን አየ። ቀኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖበት የኖረ ሰው ከዚያ ወዲህ የሚያስብበት ነገር አገኘ። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ከውዳቂ ብረት የበረዶ መውጫ መሣሪያ ሠሩ፤ ከታሸገ ሥጋ ቆርቆሮ ላይ የተራራውን ሥዕል እንደ ካርታ ያዙ። በጥር 1943 አምልጠው ወጡ፤ ከመካከላቸው ሁለቱ ሌናና ጫፍ ደረሱ፤ ከ18 ቀን በኋላ በገዛ እግራቸው ተመልሰው ካምፑ ገቡና ቅጣታቸውን ተቀበሉ። የሚሄዱበት ሌላ ቦታ አልነበራቸውም። የፈለጉት አንድ የራሳቸው የሆነ ነገር ማድረግ ብቻ ነበር።

እኛ እስረኞች አይደለንም፤ ልጆቻችንም ከማንም አያመልጡም። በፊት ለፊት በር፣ የጉዞ ፈቃድ ይዘው፣ ከመምህሮቻቸው ጋር ነው የሚወጡት። ይሁን እንጂ ዓመት ሙሉ አንድ መንገድ፣ አንድ የውኃ ቧንቧ፣ አንድ የራሽን ሰልፍ የሚያይ ልጅ ልቡ ምን እንደሚሆን እናንተ ወላጆች ከእኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ። «ካየሁት የት ልደርስ?» የሚል ልጅ እየበዛ ነው። ይህን ልጅ በምክር ብቻ አናነሣውም።

አንድ ሌላም ነገር አለ። እኛ ትልልቆቹ አገራችንን የለቀቅነው ሳንሰናበት ነው። የቤታችንን ጣራ፣ የደጃችንን ዛፍ፣ የእናታችንን ፊት ለመጨረሻ ጊዜ የምናይ መሆናችንን ሳናውቅ ወጣን። ዛሬ ድረስ የሚያንገበግበን ይኸው ነው። ልጆቻችን ግን የሚጠፋን ነገር ከመጥፋቱ በፊት ቆመው ደህና አድርገው የማየት ዕድል አላቸው። ይህን ለምን እንከለክላቸዋለን?

እንግዲህ ሐሳቤን በተግባር ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ የሚሄዱት ጥቂት ይሁኑ፤ አሥር ልጆች ይበቃሉ። መንገዱ ሁለት ቀን ሙሉ የሚፈጅ ነውና። የሚመረጡትም በማዕረግ ሳይሆን በዕጣ ይሁን፤ ግማሾቹ ሴቶች ይሁኑ። በማዕረግ ከሆነ ውኃ ስትቀዳ የምትውለዋ ልጅ መቼም አይደርሳትም።

ሁለተኛ፣ ልጆቹ ጫፉ ድረስ አይወጡም። ከፍታው ለልጅ አደገኛ ነው፤ ለአዋቂም ቢሆን ቀስ ብሎ ካልወጡት ያሳምማል። በናሮ ሞሩ በኩል 3,050 ሜትር ላይ የሚገኘው የሜትዎሮሎጂ ጣቢያ ድረስ መውጣት ይበቃል። በረዶውን ከሩቅ ያዩታል፤ ይኸውም ገና ሲነጋ፣ ደመናው ጫፉን ሳይሸፍነው፣ ከናሮ ሞሩ መንገድ ላይ ቆመው ነው። በእጅ አይነኩትም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ቅር እንዳይላቸው ነው።

ሦስተኛ፣ ወጪውን በተመለከተ ናይሮቢ ያለነው እንተባበር። ኢስሊ ውስጥ ምግብ ቤትና ሱቅ ያላችሁ ወገኖች፣ እያንዳንዳችሁ የአንድ ልጅ የመኪናና የምግብ ወጪ ብትችሉ ከካምፑ ምንም አይወጣም። እኔ የአንዱን ልጅ ችያለሁ፤ ዘጠኝ ቀረ። ወፍራም ሹራብና ጫማ ያላችሁም ለግሱ፤ የቱርካና ልብስ ለዚያ ብርድ አይሆንም።

አራተኛ፣ ያልሄዱት እንዲጠቀሙ፣ የሄዱት ሲመለሱ ያዩትን በየክፍሉ ይንገሩ፤ በዚህች በራሪ ጽሑፋችንም ይጻፉ። አንዱ የዛፎቹን ስም ይመዝግብ፤ አንዱ ተራራውን ይሣል፤ አንዷ ብርዱን ትለካ።

ወላጆች፣ ከእናንተ የሚፈለገው ፊርማ ነው። ፈቃዱን ለመጠየቅ ትምህርት ቤቱ መጀመሪያ የእናንተን ስምምነት መያዝ አለበት። «ልጄ ወጥታ ትቀርብኛለች» ብሎ መሥጋት የወላጅ ነው፤ አልነቅፈውም። ጥያቄ ያላችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ ጠይቁ፤ እኔም እንደገና እመጣለሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ዝም አልልም። በዕለቱ የሳቃችሁትም ያልሳቃችሁትም ኑ።

አባባ፣ ልጅዎ ዕጣ ከደረሰው ከመሄዱ በፊት ጅባራ ምን እንደሚመስል ያሳዩት፤ መሬት ላይ በጣት ሥለውም ቢሆን። እዚያ ሲያየው «ይህንን አባቴ ያውቀዋል» ይላል።

ቸር ይግጠመን።